ያቋረጥኩትን ጠመቃ ለጨረሳችሁልኝ

ውድ የቤት ቢራ ጠማቂዎች ክለባችን አባላት፣

ይህን የምጽፍላችሁ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ ነው። ያለ ክራንች። ከሰባት ሳምንት በፊት እዚሁ ምድጃ አጠገብ ወድቄ ስጮህ የነበራችሁት አራታችሁ፣ መቆሜ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሌሎቻችሁ በስልክ ስትጠይቁኝ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" እያልኩ አልፌያችኋለሁ። የእውነት ደህና ስላልነበርኩ ነው። ዛሬ ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ምስጋናዬን ቆንጽዬ ማቅረብ አልፈለግኩም።

የዚያን ቅዳሜ 20 ሊትር የብቅል ውሃ፣ 25 ሊትር በሚይዝ ድስት ጥጄ ነበር። ድስቱ እንደሚያንስ ከእናንተ አንዱ ጠዋት ነግሮኛል። "ይበቃል" አልኩት። የጠመቀ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የብቅል ውሃ መፍላት ሲጀምር ከብቅሉ የወጣው ፕሮቲን አረፋ ሆኖ ይነሣል። በዚያች ሰዓት ቢራውን የሚያመርረው አበባ፣ ሆፕስ፣ ከተጨመረበት ደግሞ ይብስበታል። እኔ ሆፕሱን የጨመርኩት ልክ በዚያች ሰዓት ነው። አረፋው ወደ አፉ ሲወጣ እሳቱን ማጥፋት ነበረብኝ። ደንግጬ ድስቱን በሁለት እጄ ያዝኩትና ላወርደው ሞከርኩ። ቀጥሎ የማስታውሰው የግራ እግሬን ካልሲ ነው። እንፋሎት ይወጣው ነበር።

የብቅል ውሃ ስኳር ስላለበት እንደ ተራ ውሃ ፈስሶ አይሄድም። ያጣብቃል። ከጉልበቴ በታች እስከ ጣቶቼ ድረስ ያዘኝ።

ነርሷ እህቴ፣ መጀመሪያ የማመሰግነው አንቺን ነው። ካልሲውን በመቀስ ቀደድሽልኝ። ቆዳዬ ላይ የተጣበቀችውን ቁራጭ ግን እንዳልጎትታት እጄን ያዝሽኝ። እግሬን ቧንቧ ስር አስገብተሽ፣ በሚፈሰው ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሰዓት እያየሽ ሙሉ 20 ደቂቃ አቆየሽኝ። አምስት ደቂቃ ሲሆን "በቃኝ" አልኩሽ። አልሰማሽኝም። አንዱ በረዶ ይዞ ሲመጣ "መልሰው" አልሽው። ሌላው ቅባት ሲያነሣ በዓይንሽ ብቻ አስቀመጥሽው። ከዚያ ቃጠሎውን በንጹሕ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ሸፍነሽ መኪና ውስጥ አስገባሽኝ። ያከመኝ ሐኪም፣ እግሬ በጊዜ ባይቀዘቅዝ ኖሮ ቃጠሎው ከዚህ የጠለቀ እንደሚሆን ነግሮኛል። ያንን ስሰማ ያለቀስኩት ከሕመሙ አልነበረም።

መኪናውን የነዳኸው ወንድሜ፣ መንገዱን ሙሉ እያወራህ ወሰድከኝ። ስለ ምን እንዳወራህ አንዱም ትዝ አይለኝም። ድምፅህ ግን ትዝ ይለኛል።

አሁን ስለ ማስታወሻ ደብተሬ ልንገራችሁ።

ከሆስፒታል በወጣሁ ማግሥት ወጥ ቤት ስገባ፣ የደረቀ ስኳር የተጋገረበት ወለልና አንድ የተበላሸ ድስት ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ወለሉ ያበራል። በኋላ እንደሰማሁት ሦስት ጊዜ በሙቅ ውሃ አጥባችሁታል። ድስቱ ተፈግፍጎ ተደፍቷል። ጥጉ ላይ የማብላያ ባልዲዬ ተከድኖ ተቀምጧል። በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር መውጫ ቱቦ ብልቅ፣ ብልቅ ትላለች። ባልዲው ላይ ደብተሬ አለ። ገጹ በሁለት ሰው እጅ ተጽፏል።

"የቀረው 16 ሊትር ያህል ነው። እንደገና ፈልቷል። 15 ደቂቃ ሲቀረው ሆፕስ 20 ግራም ገብቷል። እሳት ጠፍቷል። በመዳብ ቱቦው ወደ 20 ዲግሪ ቀዝቅዟል። ሃይድሮሜትር 1.048። እርሾ ገብቷል።"

ሃይድሮሜትር በፈሳሹ ውስጥ ስንት ስኳር እንዳለ የሚያሳየው መለኪያችን ነው። ከሥር ደግሞ፣ በሌላ እስክሪብቶ፣ "ጠማቂው ሆስፒታል ነው። ደውለናል፤ ተኝቷል።"

እኔ እዚያ አልጋ ላይ ተኝቼ ስለ ቢራው አንዴም አላሰብኩም ነበር። እናንተ ግን አሰባችሁለት። እኔን ሸኝታችሁ፣ እየተንቀጠቀጣችሁም ቢሆን ተመልሳችሁ እሳቱን ለኮሳችሁ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ታናሻችን "ስትመለስ ባዶ ባልዲ እንዳታይ ብለን ነው" አለኝ። ይህን ቃል እስካሁን ለማንም ስናገር ድምፄ ይቆራረጣል።

ያቺ ባልዲ ለእኔ ምን እንደሆነች የሚያውቅ ደግሞ ታሪኬን የሚያውቅ ብቻ ነው።

ወደ ክለቡ ከመምጣቴ በፊት ሁለት ዓመት ብቻዬን ጠምቄያለሁ። የመጨረሻዎቹ አምስት ጠመቃዎች በሙሉ ተበላሹብኝ። ሁሉም አንድ ዓይነት ጣዕም ነበራቸው። መድኃኒት መድኃኒት ይላሉ፤ የቁስል ፕላስተር ይሸታሉ። ብቅል ቀየርኩ። ሆፕስ ቀየርኩ። እርሾ ቀየርኩ። ያው ነው። አምስቱንም መታጠቢያ ቤት ደፋኋቸው። ለማንም አልነገርኩም። አንድ ነገር ወድዶ፣ ለፍቶበት፣ ደጋግሞ ሲበላሽበት ሰው ያፍራል። እኔም አፍሬ ነበር።

የመጀመሪያው የስብሰባ ቀን ሁለት ጠርሙስ በቦርሳዬ ይዤ መጥቼ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ነው ያወጣኋቸው። ጋሼ፣ እርስዎ ብርጭቆውን ተቀበሉኝና ከመቅመስዎ በፊት አሸተቱት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ ዕቃህን በምን ነው የምታጥበው?"

"በበረኪና።"

"ታለቀልቀዋለህ?"

"አንዳንዴ።"

"ውሃህስ?"

"የቧንቧ።"

"በል ና፣ ቁጭ በል" አሉኝ። ወንበር ሳቡልኝ። በበረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን፣ በቧንቧው ውሃም ውስጥ ያለው፣ ከብቅሉና ከእርሾው ከሚመጡ ፌኖል ከሚባሉ ነገሮች ጋር ሲገናኝ ክሎሮፌኖል እንደሚሆን አስረዱኝ። እጅግ ጥቂት ብትሆን እንኳ ምላስ ይይዛታል። ቢራውን ብታቆየውም አትጠፋም። ለዚህ ነው ብቅልና ሆፕስ መቀየሩ ያልረዳኝ። መፍትሔው ሁለት ነገር ሆነ። በረኪናውን ትቼ ለጠመቃ ዕቃ በተሠራ ማጽጃ መጠቀም። ውሃው ውስጥ ደግሞ ከብቅሉ በፊት የፖታሲየም ሜታባይሰልፋይት እንክብል መጨመር። ለ20 ሊትር ሩብ ፍሬ ትበቃለች። ሁለት ዓመት ያስጨነቀኝ ነገር በሩብ እንክብል!

ስለዚያ ቀን ሌላም የማልረሳው ነገር አለ። ማንም አልሳቀብኝም። ጋሼ ተናግረው ሲጨርሱ አንዷ እህታችን ተነሥታ የራሷን ጠርሙስ ከፈተችና "ይኼኛው ደግሞ ቅቤ ቅቤ ይላል፤ ቅመሱልኝና ንገሩኝ" አለች። ሁላችንም ቀመስን። እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቶሎ ቀዝቅዞበት ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ትንሽ ሞቅ ባለ ቦታ ቢቆይ የቅቤውን ጣዕም የሚያመጣውን ዳይአሴቲል እርሾው ራሱ መልሶ ያጠፋዋል አሏት። ጻፈችው። እኔም ጻፍኩት። ያን ጠርሙስ ያወጣችው ብቻዬን እንዳልሆንኩ እንዲሰማኝ ብላ ይመስለኛል። እህቴ፣ ተሳስቼ ከሆነም አመሰግንሻለሁ።

እንግዲህ ያ የተረገመ ቅዳሜ ችግሬ ከታወቀ በኋላ የጠመቅኩበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። አራታችሁ የመጣችሁትም ለዚህ ነው። ስድስተኛውም ተደፍቶ ቢቀር ኖሮ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዕቃዬን ሸጬ እተወው ነበር።

በአልጋ ላይ የቆየሁበትን ጊዜ ብዙ አላወራም። ፋሻው በየሁለት ቀኑ ይቀየራል፤ ያማል። ቀናቱን ተከፋፍላችሁ፣ አንዳችሁ ሳትመጡ የዋላችሁበት ቀን አልነበረም። ምግብ ይዛችሁ መጣችሁ። ልብሴን አጠባችሁ። ከሆስፒታል የወሰደኝ የክለቡ ሰው፣ ያስታመመኝም የክለቡ ሰው ነው። ቤተሰቦቼ "እነዚህ ሰዎች ከየት ነው የምታውቃቸው?" እያሉ ይጠይቁኝ ነበር።

ጋሼ፣ እርስዎ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ ያወሩኝ ነገር ግን ይቆየኝ። የእርሾውን ነገር የሰማሁት ከእርስዎ ነው። የገዛሁት የእርሾ ፓኬት ከድስቱ በፈሰሰው ውስጥ ወድቆ ተበላሽቶ ኖሯል። ታናሻችን ቤቱ ሮጦ፣ ባለፈው ጠመቃ ከባልዲው ሥር የዘቀጠውን እርሾ በብልቃጥ ከፍሪጅ አምጥቶ ነው የጨመረው። "የራሱን እርሾ ለእኔ ሰጠኝ?" ስልዎት ሳቁና የኮፐንሃገኑን ነገር አጫወቱኝ። ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የሚባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1883 በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ንጹሕ የቢራ እርሾ ከአንዲት ሕዋስ ማራባት ቻለ። ቢራ ይበላሽ የነበረው ክፉ እርሾ ተቀላቅሎበት እንደሆነም ታወቀ። ፋብሪካው ያንን እርሾ ደብቆ ብቻውን መክበር ይችል ነበር። ለሌሎች ጠማቂዎች ግን በነጻ ሰጣቸው። "ስለዚህ እርሾ መስጠት የኛ ክለብ የጀመረው ነገር አይደለም" አሉኝ። ያን ቀን ሕመሙን ረስቼው ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ በአሜሪካ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅን የፈቀደውን የፌዴራል ሕግ ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1978 ሆኖ ሳለ፣ ሎስ አንጀለስ ያለው ማልቶስ ፋልከንስ የተባለው የጠማቂዎች ክለብ ግን የተመሠረተው በ1974 እንደሆነ ነገሩኝ። ሰዎቹ ሕጉን አልጠበቁም። መገናኘቱ ቀደመባቸው። ይህን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ምን ስጠብቅ ነበር?

ጠርሙስ የሞላንበት ቀን ቤቴ ዘጠኝ ሰው ነበር። እኔ እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቆርኪ እቆጥራለሁ። ሃይድሮሜትሩ 1.011 ላይ ቆሟል። ሁለት ቀን ለያይታችሁ ለክታችሁ አንድ ዓይነት ሲመጣ ነው "አሁን ጨርሷል" ያላችሁት። አልኮሉ ወደ 4.9 በመቶ መጣ። ጠርሙሱ ውስጥ ጋዝ እንዲፈጥር የሚጨመረውን ስኳር በሚዛን መዘናችሁ፣ ለሊትር 6 ግራም። ከልክ በላይ ከበዛ ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላልና እሷን ነገር አንዳችሁም በዓይን ግምት አትሠሩም። 38 ጠርሙስ ሞላን።

ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያውን ከፈትን። አከፋፈቱን ለጋሼ ሰጠናቸው። ቆርኪው "ጭስ" ሲል ቤቱ ጸጥ አለ። በቀስታ ቀዱት። አረፋው ነጭ ሆኖ ሁለት ጣት ያህል ወጣና ቆመ። ልክ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ከመቅመሳቸው በፊት ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ቀመሱ። ምንም አላሉም። ብርጭቆውን ጨርሰው ዘረጉልኝና "ጨምርልኝ" አሉኝ።

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሆስፒታሉ ላስታመሙኝ ነርሶችና ሐኪሞች፣ ሌሊት ሲያመኝ በሬን አንኳኩተው ለገቡ ጎረቤቶቼም እንዲሁ። ክፉ አይንካችሁ።

ፍሪጁ ውስጥ 26 ጠርሙስ ቀርቷል። በየአንዳንዱ ላይ የአንዳችሁን ስም ጽፌ ለጥፌበታለሁ። በስብሰባው ቀን ይዤው እመጣለሁ፤ ከዚያ በፊት በዚህ በኩል ያለፈ ግን ገብቶ የራሱን ይውሰድ። ትልቅ ድስትም ገዝቻለሁ፣ 40 ሊትር የሚይዝ። ታናሻችን፣ ብልቃጥህን አጥቤ፣ ከባልዲው ሥር በዘቀጠው እርሾ ሞልቼልሃለሁ። ፍሪጁ በር ላይ ናት። ቶሎ ናና ውሰዳት፣ ብዙ ሳትቆይ ብትጠምቅባት ይሻላል።

አክባሪያችሁና ወንድማችሁ