እግርዎ ስለሚያዝበት ምክንያት

ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው እርስዎ ዘንድ በነበርኩበት ሰሞን፣ በሩ ላይ ሲደርሱ እግርዎ እንደተተከለ ሲቀር፣ «ይራመዱ እንጂ» ብዬ ክንድዎን መጎተቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሕመምዎ፣ ስለ ፓርኪንሰን በሽታ፣ አንብቤ የተረዳሁትን ልጽፍልዎ ወደድሁ።

እግር እንዲነሣ የሚያዝዘው የአንጎል የላይኛው ክፍል ሲሆን ትእዛዙ በህብለ ሰረሰር ወርዶ ጡንቻ ዘንድ ይደርሳል፤ ትንሹ አንጎል ደግሞ የእንቅስቃሴውን ልክና ሚዛን ያርማል። በአንጎል ውስጥ በጥልቀት የሚገኙት፣ ቤዛል ጋንግሊያ የሚባሉት የነርቭ ሴሎች ስብስቦች ግን የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚፈቀድና የትኛው እንደሚገታ የሚለዩ ናቸው፤ ይህንንም የሚያደርጉት ዶፓሚን በተባለ ንጥረ ነገር እየታገዙ ነው። በፓርኪንሰን በሽታ ዶፓሚን የሚያመነጩት ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ የእጅ መንቀጥቀጥ ወይም የርምጃ መዘግየት ለዓይን እስኪታይ ድረስ ብዙዎቹ አስቀድመው ጠፍተዋል። ዶፓሚን ሲያንስ የመግታቱ ኃይል ከመፍቀዱ ስለሚበልጥ፣ ሰውየው መራመድ እየፈለገ፣ ጡንቻውም ሳይደክም፣ ርምጃው ይያዛል። እኔ ግን ችላ ያሉ መስሎኝ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

እጁ የሚንቀጠቀጥ ሁሉ ይህ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ኩባያ ሲያነሣ ወይም ሲጽፍ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ብዙ ጊዜ በዘር የሚወረስ ሌላ ሕመም ነው። የእርስዎ እጅ ግን ጭንዎ ላይ ሲያርፍ ተንቀጥቅጦ አንድ ነገር ለመያዝ ሲዘረጉት ረገብ ይላል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ስለዚህ ሕመም ሲጽፍ በዕረፍት ላይ ያለ እጅ መንቀጥቀጡን ከዋና ምልክቶቹ አንዱ አድርጎ አስፍሮታል።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር አደራ ልበልዎ። ዶፓሚን ራሱ ከደም ወደ አንጎል መግባት ስለማይችል፣ የሚሰጥዎ ሌቮዶፓ ነው፤ እርሱ አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ከእርሱ ጋር እየተሻማ ሥራውን ሊያዘገይበት ስለሚችል፣ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ በስንት ሰዓት እንደሚወስዱት ሐኪምዎን ይጠይቁ። ሻል ሲልዎትም በራስዎ ፈቃድ በድንገት እንዳያቋርጡት፤ ይህ ለከባድ አደጋ ይዳርጋል።

ያስደነቀኝ ደግሞ እግሩ የተያዘ ሰው መሬት ላይ የተሠመረ መስመር ሲያይ ወይም ምት ሲሰማ ብዙ ጊዜ መራመድ መቻሉ ነው፤ ዓይንና ጆሮ ለእንቅስቃሴ ሌላ መንገድ ይከፍቱለታልና። በሚቀጥለው ስመጣ በሩ ላይ ደማቅ መስመሮች እለጥፍልዎታለሁ። እግርዎ ሲያዝ አልጎትትዎትም፤ ከጎንዎ ቆሜ፣ እርስዎ እስኪነሡ ድረስ፣ «አንድ፣ ሁለት» እያልኩ እቆጥርልዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ