የመጨረሻውን በረራ አትያዝ

ልጄ፣

«እማዬ፣ 540 ኪሎ ሜትር እኮ ነው፤ አንድ ሰዓት ብቻ!» ብለህ የላክልኝን አየሁት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ኋላ እህትህ እኔ ጋ መጥተህ እሁድ ማታ በመጨረሻው በረራ ተመልሰህ ሰኞ ጠዋት ፈተና ልትቀመጥ እንደሆነ ነገረችኝ። ሳቄ ጠፋ። የመጨረሻውን በረራ አትያዝ።

ያ 540 ኪሎ ሜትር ምን እንደሆነ ልንገርህ። ኮምፒውተሩ ከአንዱ ኤርፖርት እስከ ሌላው አጭሩን መስመር ለክቶ ነው የሰጠህ። እናንተን የሚያመላልሰው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መስመሩ ብቻውን 1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይፈጃል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው እንኳ 7 ደቂቃ ነው የሚጨምርበት። ነፋሱን አልፈራውም። እኔ የምፈራው መሬት ላይ ያለውን ነው። በሩ ተዘግቶ ለመነሳት ወረፋ መጠበቁን፣ ለማረፍ ሰማይ ላይ መዞሩን፣ ሻንጣውን።

ደግሞስ የአንተ በረራ መች ቀጥታ ሆነና! በትልቁ ኤርፖርት በኩል ነው የምትዞረው። ሁለት መነሳት፣ ሁለት ማረፍ፣ መሃል ላይ ጥበቃ። ያቺን አንድ ሰዓትህን እዚያ ፈልጋት።

አያትህ የታመመ ጊዜ በሰዓቱ እንዳልደረስኩ ታውቃለህ። አውሮፕላኑ ዘገየ ብዬ ነው የነገርኳችሁ። አልዋሸሁም፤ የመጀመሪያው በረራ 40 ደቂቃ ዘግይቷል። ሮጬ መሳፈሪያው በር ጋ ስደርስ ሁለተኛው አውሮፕላን በመስታወቱ ወዲያ ቆሟል። በሩ ግን ተዘግቷል። የዕለቱ የመጨረሻ ነበር። ወንበር ላይ አደርኩ።

ያልነገርኳችሁ ግን የጠዋቱ በረራ ላይ ቦታ እንደነበር ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ልጨርስ ብዬ ማታውን መረጥኩ። «አንድ ሰዓት ብቻ ነው» አልኩ፣ ልክ እንደ አንተ። አያትህ ሌሊቱን ሙሉ «ደረሰች?» እያለ ሲጠይቅ ነበር አሉኝ። ጎህ ሳይቀድ አረፈ። ይህን አባትህ እንኳ አያውቅም።

እና ትኬትህን ወደ ቅዳሜ ቀይረው። አንድ ቀን ከእኔ ይጎድላል፤ ይጉደል። ይህን የምልህ ስንት ወር ስጠብቅህ የከረምኩት እናትህ ነኝ፤ ስለዚህ ስማኝ። ቅዳሜም ቢሆን የመጨረሻውን በረራ አትያዝ። ትንሽ ኤርፖርት ውስጥ በቀን ያሉት በረራዎች አንድ ሁለት ናቸው፤ ካመለጠህ አዳርህ እዚያው ነው።

ሁለቱን በረራ ለየብቻ እንዳትቆርጥ። ለየብቻ ቆርጠህ የመጀመሪያው ቢዘገይ ብዙ ጊዜ ኪሳራው የራስህ ነው። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን በሌላ በረራ የሚያሳፍሩህ እነሱ ናቸው። የፈተና መግቢያ ወረቀትህንና መነጽርህን የእጅ ቦርሳህ ውስጥ ያዝ፤ ሻንጣ ውስጥ አይሆንም። ስልክህንም ከማታው ቻርጅ አድርግ። ስትመጣ ደግሞ ከአባትህ ፊት የአያትህን ነገር እንዳታነሳ፤ ራሴ እነግረዋለሁ።

አዲሱን ትኬት ፎቶ አንስተህ ዛሬውኑ ላክልኝ። ካላየሁት አልተኛም።

እናትህ