ቅዳሜ ስለ ንግግር ሕክምና እንገናኝ

የተከበራችሁ አባላት፣ ከስትሮክ ወይም ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ መናገር ያቃታቸውን ቤተሰቦቻችንን ቤት ውስጥ እንዴት እንደምናለማምድ ለመመካከር የፊታችን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ደሴ፣ ፒያሳ በእድራችን አዳራሽ እንገናኛለን።

ብዙዎቹ የምንላቸውን ይረዳሉ፤ ቃሉ ነው አልወጣ የሚላቸው። «ውሃ» ለማለት ሲታገሉ እባካችሁ ቀድመን አንናገርላቸው፤ ብርጭቆውን እያሳየን እንታገሥ። ግራ አንጎሉ ተጎድቶ ቃል የጠፋበት ሰው ዜማው ሳይጠፋበት ሊቀር ይችላል፤ በዜማ ማለማመድ የሚባለው ሕክምናም የተነሣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ በቃላቸው የሚያውቁትን መንዙማ፣ መዝሙር ወይም የአምባሰል ዘፈን በስልካችሁ ይዛችሁ ኑ። የሐኪም ወረቀትና የቤተሰብ ፎቶም አትርሱ። ታማሚዎቹም ይምጡ፤ እነሱ በሌሉበት ስለ እነሱ መወሰን ደስ አይለኝም።

ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የምትመጡ፣ መኪና እንድናዘጋጅ ስንት እንደምትሆኑ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።