ግመሉ ይውረድልኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ «ቡናን ቢራ ውስጥ መዘፍዘፍ ቡናችንን ማርከስ ነው» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ንዴታቸው ይገባኛል። ግን ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቤ አንድ ነገር አጣሁበት። «ቀመስኩት» የሚል ቃል የለም።

እኔ ቀምሼዋለሁ። አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ቃሊቲ አንድ ቡና ላኪ ዘንድ በቅምሻ ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ በማንኪያ ፉት እያለ ሲተፋ የሚውል ሰው ነበርኩ። ባለቤቴ ዛሬም ሾርባ ስጠጣ «ኧረ ድምፅህን ቀንስ» ትለኛለች። ልማድ ነው፣ አይለቅም።

አንድ ቅዳሜ የሥራ ባልደረባዬ ከቤቴ አርባ ደቂቃ በመኪና የሚያስኬድ ትንሽ የቢራ ጠመቃ ቤት ወሰደኝ። ስሙን አልጽፍም፣ ማስታወቂያ ይመስልብኛል። እነዚህ ቤቶች ቢራውን እዚያው ጠምቀው እዚያው ይሸጣሉ። የብረት ጋኖቹ ከባንኮኒው ጀርባ ተደርድረው ይታያሉ። ሰሌዳው ላይ «የቡና ብሎንድ ኤል፣ 5 በመቶ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «በኢትዮጵያ ቡና»። እንግዲህ ይኼን አንብቤ ሌላ ነገር ላዝ?

ብሎንድ ኤል ቀለል ያለ፣ ወርቅማ መልክ ያለው ቢራ ነው። እኛ ሀገር ቤት የለመድነው፣ «ላገር» የሚባለው የቢራ ዓይነት፣ በቀዝቃዛ ቦታ ቀስ ብሎ ይፈላል። ኤል ሞቅ ያለ ቦታ ይወዳል፣ ቶሎም ይደርሳል። ቡና ያለበት ቢራ ሲባል ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ስታውት ነው። እሱ ውስጥ የተቆላው ገብስ ራሱ ቡና ቡና ስለሚል፣ የገባው ቡና ደካማ ቢሆንም ይሸፈንለታል። ብሎንዱ ግን መደበቂያ የለውም። ቡናው መጥፎ ከሆነ ወዲያው ያጋልጠዋል።

ብርጭቆው ሲመጣ አስተናጋጇ የሌላ ሰው ያመጣችልኝ መሰለኝ። ቢጫ ነው። ጠጋ አድርጌ ሳሸተው ግን እናቴ ቤት ገባሁ። የቡና ሽታ ሁለት ዓይነት አይደል? አንዱ ምጣዱ ላይ እንዳለ ጢሱ እየጨሰ ለቤተሰቡ የሚዞረው ነው። ሌላው ሲወቀጥ ከሙቀጫው ብድግ የሚለው። ይኼ የሙቀጫው ነበር።

መራራ ይሆናል ብዬ ምላሴን አዘጋጅቼ ነበር። ሳላስበው እንደ ድሮዬ ጮክ ብዬ ፉት አልኩት። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት ዞረው አዩኝ። መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ መጣ። ቀጥሎ አበባ። መጨረሻ ላይ የብቅሉ፣ እንደ ትኩስ ዳቦ ቅርፊት ያለ ጣዕም። ምሬት የለም ማለት ይቻላል። የታጠበ ቡና መሆኑን ያኔ አወቅኩ። ጀንፈል ሆኖ ከነልጣጩ የደረቀ ቢሆን ኖሮ እንጆሪ እንጆሪ ይለኝ ነበር። በነገራችን ላይ፣ አልተፋሁትም።

ጠማቂውን ጠርቼ እንዴት እንደሠራው ጠየቅኩት። ጢማም ጎረምሳ ነው፣ ሥራውን ይወዳል። የተቆላውን ፍሬ ሳይፈጭ በከረጢት አድርጎ ፈልቶ ያለቀው ቢራ ውስጥ ለአንድ ቀን ያህል ይዘፈዝፈዋል፣ በቀዝቃዛው። ፍሬው ሙሉ ስለሆነ መልኩን ብዙም አይለቅም። ሙቀት ስለሌለ ምሬቱ እዚያው ይቀራል። ሽታው ብቻ ይወጣል። ብዙ ቀን ካቆየው ግን ቃሪያ ቃሪያ ማለት እንደሚጀምር ነገረኝ። ቃሪያን ቃሪያ የሚያሸተው ንጥረ ነገር በትንሹ ቡናም ውስጥ አለ። እኔም ይዤ ከወጣኋቸው አራት ጣሳዎች አንዱን መኪና ውስጥ ረስቼው ከሦስት ሳምንት በኋላ ስከፍተው፣ ስንግ የቀረበልኝ ነው የመሰለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

አሁን ወደ «ማርከስ» ልመለስ። ጥቁሩ ጠላችን ከየት አመጣው ጥቁረቱን? እህሉ ስለተቆላ ነው። ጋኑንስ በወይራ የምናጥነው ጢሱ ጠላው ውስጥ እንዲገባ አይደል? ቡናም ላይ ጨው የሚጨምር አለ፣ ቅቤ የሚጨምር አለ፣ ጤና አዳም የሚነክር አለ። ሐረር የቡናውን ገለባ አፍልቶ ይጠጣል። እስካሁን ረከሰ ያለ አልሰማሁም። ከቢራው ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ ከጣሳው ጋር ነው። ጣሳው ላይ የተሣለው ግመል ነው። ግመል ከነኮርቻው፣ ከጀርባው ፀሐይ ስትጠልቅ!

ጠማቂውን «ቡናው ከየት ነው?» አልኩት። «ከኢትዮጵያ» አለኝ። «ኢትዮጵያማ እኔም ነኝ፣ ከየትኛው?» ስለው ወደ ጓዳ ገብቶ ባዶውን ጆንያ ይዞ መጣ። ጆንያው ላይ «ጌዴብ» ይላል። ጌዴብ! የጌዴኦ ዞን፣ ከይርጋጨፌ ወደ ደቡብ። ደጋ ነው፣ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ። ቡናው ከእንሰቱ ጋር በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት አገር። ያን መልክዓ ምድር ነው ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው። እዚያ ግመል አይኖርም። ግመል ያማራችሁ ወደ ቦረና ቆላ ውረዱ።

«ታዲያ ስሙን ለምን አልጻፍከውም?» አልኩት። «ጣሳው ላይ ቦታ ጠፋ» አለኝ። ለግመሉ ቦታ ተገኝቶ!

ይኼ የስም ፍቅር ብቻ አይደለም። ቅምሻ ክፍል ስንሠራ ያንድ ቡና ዋጋ ከስሙ ጋር ሲወጣና ሲወርድ በዓይናችን እናይ ነበር። መንግሥታችን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት አስመዘግባለሁ ብሎ ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር የተነታረከውም ለዚህ ነው። በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው ስምምነት የተፈራረሙት። ተቆጥተው የጻፉት አንባቢ ቁጣቸውን ወደዚህ ቢያዞሩት ደስ ይለኛል። ቢራው ፊታቸው ሲቀርብ «የየት ወረዳ ነው?» ይበሉ። ጠማቂዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ የሚጠይቃቸው ነው ያጡት። የኔው ጎረምሳ በሚቀጥለው ጠመቃ እጽፈዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኛል። ስለ ግመሉ ግን ዝም አለ።

የመጨረሻዋን ጣሳ ለአማቴ ከፈትኩላቸው። ደብረ ብርሃን ሳሉ ጠላ ጠምቀው ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ዕለቱ ረቡዕ ነው፣ ግን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቢራ ደግሞ አያስገድፍም ብለው ራሳቸው ፈረዱ። በሲኒ ቀዳሁላቸው። አንዴ ፉት አሉ፣ ደገሙ፣ ጣሪያውን አዩ።

«አሻሮው ጥሬ ነው» አሉ።

«ብሎንድ እኮ ነው እማዬ፣ አይቆላም።»

«ቡናው ግን ጥሩ ነው። ያንተ ሰው አሻሮ መቁላት ቢማር ይለወጥ ነበር።» ከዚያ ሲኒውን ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ቶናውን ቅዳ እንጂ!»

ባዶውን ጣሳ አፉን ቆርጠው ጤና አዳም ተክለውበታል። ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ነው ያለው። ግመሉን ወደ ግድግዳው አዙረውታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ቡና ቀማሽ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ