የቮልሳችሁ ዘይት ማፍሰሻ ብሎን ጥርሱ ሲበላ

ውድ ደንበኞቻችን፣

አብዛኞቻችሁ የምታመጡልን የድሮ ቮልስ ነው። ከአባቱ የወረሰውን መኪና የሚነዳም አላችሁ። ሰሞኑን «ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞራል፣ አይጠብቅም። ወፍራም ብሎን ጠርባችሁ ለምን አትገጥሙልንም?» የሚል ጥያቄ ስለበዛ በጽሑፍ ለመመለስ አሰብን።

በሌላ መኪና ቢሆን ልክ ናችሁ። ቮልስ ላይ ግን ማፍሰሻው ብሎን የሚገባው ሞተሩ ውስጥ አይደለም። ከሞተሩ ሥር ባለች ክብ የብረት ክዳን መሃል ነው። ጥርሱ የተበላው እዚያ ከሆነ ክዳኗን አውርደን አዲስ እንገጥማለን። በዚያው ከክዳኗ በላይ ያለውን የዘይት ማጣሪያ ወንፊት እናጥባለን፣ ከወንፊቱ ላይና ታች ያሉትን ጋርኒሲዮኖች (ዘይት እንዳያፈስ የሚገቡ ስስ ማሸጊያዎች) እንቀይራለን። እዚያው ቁጭ ብላችሁ የምትጠብቁት ሥራ ነው። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ በተሠሩ ብዙ ቮልሶች ላይ ደግሞ የመሃሉ ብሎን ጭራሽ የለም፤ ዘይቱ የሚወርደው ክዳኗ ስትፈታ ነው።

እኛን የሚያስጨንቀን ክዳኗን የያዙት 6 ትንንሽ ዳዶዎች ናቸው። ዳዶዎቹ የሚጠብቁባቸው ቀጫጭን ብሎኖች የተተከሉት የሞተሩ አካል ላይ ነው። አካሉ ማግኒዥየም ነው፤ ቀላል፣ ግን ለስላሳ። ዳዶዎቹ የሚፈልጉት ጉልበት 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ በአጭር ቁልፍ፣ በእጅ አንጓ የሚጠብቅ ማለት ነው። ዘይት ሲያንጠባጥብ ግን ሁሉም ሰው «ትንሽ ጠበቅ ላድርገው» ይላል። ያኔ የክዳኗ ጠርዝ ይጣመማል፣ ማንጠባጠቡም ይብሳል። እንደገና ሲጠብቅ ብሎኑ የማግኒዥየሙን ጥርስ ይዞ ይነቀላል።

ባለፈው ወር አንድ መኪና እንዲህ ሆኖ መጣ። ክፍተቱ በሲሊኮን ተለስኗል። ስንከፍተው የሲሊኮኑ ቁርጥራጭ ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። በጣም ደነገጥን። ይህ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። ራዲያተርም ውሃም ስለሌለው ዘይቱ ከንፋሱ ጋር ሆኖ ሞተሩን ያቀዘቅዛል። ዘይት አጣ ማለት ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ) ሄደ ማለት ነው።

የተነቀለውን የምንጠግነው ቀዳዳውን አስፍተን፣ የ8 ሚሊሜትር ጥርስ አውጥተን ነው። ከዚያ አንዱ ጫፉ 8፣ ሌላው 6 የሆነ ብሎን እንተክላለን። የድሮው ዳዶ እዚያው ይገባል። ከባዱ መብሳቱ ሳይሆን ሲበሳ የሚወጣው የብረት ፍቅፋቂ ነው። ዘይት የሚስበው ቱቦ አፉ እዚያው አጠገብ ስለሆነ አንዲት ቅንጣት እንኳ መግባት የለባትም። ስለዚህ መሣሪያውን ግራሶ እንቀባዋለን፣ ቱቦውን በንጹሕ ጨርቅ እንደፍናለን፣ ሲያልቅ ቦታውን በዘይት እናጥባለን። መኪናችሁን የምናሳድረው ለዚህ ነው። ሳንደውልላችሁና እሺ ሳትሉን ግን መብሳት አንጀምርም።

ዘይት ሌላ ቦታ ብትቀይሩ ቅር አይለንም። ብቻ ለሚቀይርላችሁ ሰው በረጅም ቁልፍ እንዳያጠብቅ ንገሩት።

መሬት ላይ ጠብታ ካያችሁ ደግሞ ምንም ሳታጠብቁ ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ቮልስ ዘይት የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ነው፤ ሁልጊዜ ክዳኗ አይደለችም። የትኛው ጎን ወደ መኪናው ኋላ እንደነበረ ምልክት አድርጉና ጠዋት ካርቶኑን ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባልደረቦች