ቅዳሜ ተራው የእኔ ነው

ውድ ልጄ፣

ሦስት ቅዳሜ ከስልክ የዘፈን ጉባኤያችን ቀረሽብን። የመጀመሪያውን «ሥራ በዝቶባት ነው» ብለን አለፍነው። ሁለተኛውን በጉንፋን አሳበብንልሽ። በሦስተኛው ግን ነርሷ ጓደኛሽ የሌሊት ተረኛ ሆና ሳለ ከእረፍቷ አሥር ደቂቃ ቆርሳ ስትገባ፣ አንቺ ቤትሽ ተቀምጠሽ ስትቀሪ፣ ነገሩ ሌላ እንደሆነ ገባኝ። ስደውልልሽ «ደህና ነኝ አባዬ» ትይኛለሽ። በስልክ የሚባል «ደህና ነኝ» የተዘጋ መጋረጃ ነው፤ ከጀርባው ዕቃ ሲጎተት ይሰማል እንጂ ምን እየሆነ እንዳለ አይታይም። ስለዚህ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። በደብዳቤ መካከል «ቆይ፣ ሌላ ስልክ ገባብኝ» አይባልም።

እናትሽ ነገረችኝ። አትቀየሚያት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ይዛው ከርማለች፤ ለእሷ ሁለት ቀን ብዙ ነው። ለትርኢቱ በተደረገው ፈተና ዋናውን ሚና ለሌላ ልጅ ሰጥተው አንቺን ተጠባባቂ እንዳደረጉሽ፣ አዘጋጁም በሰው ፊት «ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ትንፋሽሽ ግን አጭር ነው» እንዳለሽ ሰማሁ። አብራሽ የምትኖረው ልጅ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስታጥቢ እንኳ እንደማታንጎራጉሪ ነግራናለች። ትርኢቱስ ይቅር፤ እኔን ያስደነገጠኝ የዕቃ ማጠቢያው ዝምታ ነው።

ወደዚህ የሙዚቃዊ ቴአትር ዓለም ያስገባሽኝ አሳፍረሽኝ እንደሆነ ታስታውሻለሽ? ያኔ አሥራ አምስት ዓመትሽ ነበር። እኔ «ሰው እየተነጋገረ ሳለ እንዴት ድንገት ተነሥቶ ይዘፍናል? ባሏ ሞቶ አስከሬኑ ፊቷ ተጋድሞ፣ እንዴት ዘመዷ ዜማ ታወርድላታለች?» እያልኩ አላግጥ ነበር። አልተቆጣሽም። ወደ ክፍልሽ ገብተሽ ስልክሽን ይዘሽ መጣሽና «አባዬ፣ ይቺን ታውቃታለህ?» አልሽኝ። እንዴት አላውቃት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ቆሜ፣ ቀይ ስካርፍ ጠምጥሜ የጮኽኩባት የሊቨርፑል መዝሙር፣ «ዩ ዊል ኔቨር ዎክ አሎን» ናት። «ይቺማ የኳስ ናት» ስልሽ ፈገግ አልሽ። ለካ ሪቻርድ ሮጀርስና ኦስካር ሃመርስታይን ለ«ካሩሰል» የጻፏት ናት፤ ትርኢቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1945 በኒው ዮርክ የቴአትር መንደር በብሮድዌይ ሲከፈት፣ ባሏ ዓይኗ እያየ ለሞተባት ሴት የተዘፈነች። የሊቨርፑሎቹ ልጆች፣ ጌሪ ኤንድ ዘ ፔስሜከርስ፣ በ1963 ሲያስቀርጿት የአንፊልድ ደጋፊ ተቀበላትና የራሱ አደረጋት። እንግዲህ እኔ ያላገጥኩባት ያቺው ዘማሪ ዘመድ፣ በየሳምንቱ መጨረሻ እንባዬን ስታስፈስሰኝ የኖረችው ናት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ምን አፍ ይኖረኛል።

ቅዳሜያችን የተጀመረው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ አንቺ ከቤት ስትወጪ ነው። ሕጉንም ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ዘፈንና አንድ የዕለቱን ነገር ይዞ ይመጣል፣ ሁለቱ መገናኘት የለባቸውም። ሁልጊዜ ግን ይገናኛሉ። የሒሳብ ሠራተኛው ጓደኛሽ ወሩ ሲገባደድ የሚያመጣው ሁሉ የሞት ዘፈን ነው፤ ሒሳቡ ሲዘጋለት ጭፈራ ያመጣል። ነርሷ አንድ ቀን ምንም ሳትናገር ከ«ሬንት» ትርኢት ሁለተኛ ክፍል መክፈቻ ላይ በዓመት ውስጥ ያሉትን 525,600 ደቂቃዎች የሚቆጥረውን ዘፈን ብቻ አሰምታን «ዛሬ ይኸው ነው» ብላ ዘጋች። በማግስቱ አንድ ታካሚዋ ማረፉን ነገርሽኝ። የዜማው ደራሲ ጆናታን ላርሰን ራሱ እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1996፣ ለተመልካች የመጀመሪያው ትርኢት ሊታይ በነበረበት ዕለት ንጋት ላይ እንደ ሞተ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ባውቅ ስልኩን እንደዚያ ቶሎ አላዘጋትም ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ብቻ የኖረ ሰው ደቂቃ ሲቆጥር!

እኔንም ታግሳችሁኛል። «የአሥራ አንድ ሰዓት ዘፈን» ስትሉ ለብዙ ወራት ጀምበር ልትጠልቅ ስትል የሚዘፈን እየመሰለኝ ዝም ብዬ ራሴን ስነቀንቅ ነበር። በኋላ ነው በጥንቱ ብሮድዌይ ትርኢቱ ማታ በእነሱ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ተኩል ስለሚጀምር፣ ተመልካቹን ከእንቅልፍ የሚያባንነው ታላቁ ዘፈን አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ላይ ስለሚውል እንደዚያ መባሉን የነገርሽኝ። በእኛ ሰዓት አምስት ሰዓት ሌሊት መሆኑ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት የትኛውም ዘፈን አያባንነኝም።

ስለ «ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ» የያዝነው ጠብ ግን አሁንም እንደ ተከፈተ ነው። በብሮድዌይ ብቻ 13,981 ጊዜ ታየ ብለሽ ቁጥሩን በፊቴ ስትቆልዪው አንድ ነገር ልልሽ ፈልጌ ነበር። ብዙ ጊዜ መታየት የጽናት ማስረጃ ነው፤ የጣዕም ማስረጃ ለመሆን ሌላ ይጨመርበት። ከጣሪያ የሚወርደው ያ ግዙፍ መብራት አፉን ቢከፍት ከዘፋኞቹ የተሻለ የሚዘፍን ይመስለኛል። እሺ፣ ይህን አሁን ማንሣቴ አግባብ አይደለም። ግን ተበሳጭተሽ ቅዳሜ መልስ ልትሰጪኝ ብትመጪ ደስታውን አልችለውም።

የእኔን ምርጫ ታውቂዋለሽ፤ ሁልጊዜ የምታሾፉብኝ እሱ ነው። በ1964 በወጣው «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» ውስጥ ወተት ሻጩ ቴቭዬ ሚስቱን ጎልዴን ትወደው እንደሆነ የሚጠይቅበት ነው። ከጋብቻ ሃያ አምስት ዓመት በኋላ! ሴትየዋ ደንግጣ አመመህ ወይ ትለዋለች፤ ቀጥላ ያጠበችለትን ልብስ፣ ያበሰለችለትን፣ ያሳደገችለትን ልጅ ትቆጥርለታለች። የፍቅር ዘፈን ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ጨረቃ የለበት፣ አበባ የለበት፣ ያለው የልብስ አጠባ ነው። አንድ ማታ ሰምቼው ስጨርስ እናትሽን ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኋት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝና «ካውያውን ነቅለኸዋል?» አለችኝ። አልነቀልኩትም ነበር። ተነሥቼ ስነቅለው ጎልዴ ከምትለው ያነሰ መልስ አላገኘሁም መሰለኝ።

አሁን ወደ ትንፋሽሽ ልምጣ። ዙሪያውን ስዞር የቆየሁት ስለ ፈራሁ ነው፤ አንቺ የምታውቂውን ለአንቺ መንገር ያስፈራል። ግን ሰው ሲያዝን የሚያውቀውን ነገር ይረሳል።

ግሊኒስ ጆንስን አስቢያት። በ1973 «አ ሊትል ናይት ሚውዚክ» ሲዘጋጅ ዋናዋ ተዋናይ እሷ ነበረች። ድምፅዋ ሻካራነት ያለው፣ ብር የሚመስል፣ ሰው የሚያቀልጥ ነው፤ ረጅም ኖታ ግን ይዛ መቆየት አትችልም። በሁለተኛው ክፍል ላይ የድሮ ፍቅረኛዋ እምቢ የሚላት ትዕይንት አለ። «ሴንድ ኢን ዘ ክላውንስ» (ቀልደኞቹ ይግቡ) የሚባለው የዚያ ትዕይንት ዘፈን በመጀመሪያ ለወንድየው ነበር የታሰበው፤ አዘጋጁ ሃል ፕሪንስ ትዕይንቱን ሲሠራው ግን ክብደቱ ወደ ሴትየዋ አጋደለ። ያን ጊዜ የዘፈኖቹ ደራሲ ስቲቨን ሶንድሃይም በልምምድ ወቅት ተቀምጦ በእሷ ትንፋሽ ልክ ሰፋላት። እንዴት አድርጎ? ጥያቄ በጥያቄ አደረገው። ጥያቄ አጭር ነው፤ ተጠይቆ ያበቃል፤ ቀጥሎ ትንፋሽ ይወሰዳል። እኛ ያንን ስንሰማ ሴትየዋ በሐዘን ተቆራርጣ የምትናገር ይመስለናል። እውነቱ ሁለቱም ነው፤ የተዋናይዋ ትንፋሽና የገጸ ባሕርይዋ ስብራት አንድ ቦታ ላይ ተገናኙ። ቀልደኞቹ ይግቡ ማለቷም የሰርከስ ነገር አይደለም፤ በመድረክ ሰዎች ዘንድ ትርኢቱ ሲበላሽ ተመልካቹን የሚያስቁ ይላኩ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፍራንክ ሲናትራ ዘፈነው፣ ጁዲ ኮሊንስ ዘፈነችው፣ በ1976 የዓመቱ ዘፈን ተብሎ የግራሚ ሽልማት ወሰደ። ረጅም ትንፋሽ ያላቸው ሁሉ ለአጭር ትንፋሽ የተሰፋውን ልብስ ሲለኩ ኖሩ። ግሊኒስ ጆንስ ያረፈችው በ2024 ነው፤ መቶ ዓመት ሞልቷት። ለአጭር ትንፋሽ ይህ አያንስም።

ሬክስ ሃሪሰንም አለልሽ። በ1956 «ማይ ፌር ሌዲ» ውስጥ ዋናውን ወንድ ሲጫወት ዘፋኝ አልነበረም፤ ዘፈኖቹን በዜማው ላይ እየተራመደ ይናገራቸው ነበር። በሙዚቃዊ ቴአትር የምርጥ ተዋናይን የቶኒ ሽልማት ወስዶ ቁጭ አለ። ሌሎቹን አልደረድርልሽም፤ ነገሬ ገብቶሻል። ለአዘጋጁ መልስ እየፈለግሁልሽ አይደለም። እሱ ለያዘው ሚና ልክ ነበር ይሆናል፤ ያ ለፈተናው የያዝሽው ዘፈን ትንፋሽን ሁሉ የሚበላ ነው፤ ከመጀመሪያው አንቺን ስታዘጋጂው ሰምቼ «ለምን ይሄን?» ብዬ ነበር፤ ለራሴ ግን ነው ያልኩት፤ ጮክ ብዬ ብናገር ይሻል ነበር።

ተጠባባቂ ስለ መሆንሽ ደግሞ ሁሉም ሰው የሸርሊ ማክሌንን ታሪክ ሳይነግርሽ አልቀረም፤ በ1954 በ«ዘ ፓጃማ ጌም» የካሮል ሃኒ ተጠባባቂ ሆና፣ ካሮል ቁርጭምጭሚቷን ስትጎዳ መድረክ ላይ ወጥታ፣ የፊልም ሰው አይቷት ሆሊውድ እንደ ገባች። ውብ ታሪክ ነው። እኔ ግን በሰው ቁርጭምጭሚት ላይ የቆመ ተስፋ ለልጄ አልመክርም። ብሮድዌይ ላይ በሳምንት ስምንት ጊዜ መጋረጃው ይከፈታል፤ ያ የሚሆነው ሳይታዩ ከጀርባ ቆመው የሌላውን ቃልና እርምጃ ሁሉ በልባቸው የያዙ ሰዎች ስላሉ ነው። ሥራውን ከወደድሽው ሥሪው። ካልወደድሽው ተዪው፤ በዚህ እኔም እናትሽም ፊታችንን አናጠቁርብሽም። ማጉረምረም ያለብሽ ከሆነም ለእኛ አጉረምርሚ።

ቅዳሜ ተራው የእኔ ነው፤ ዘፈኔንም መርጫለሁ። ከ«ካሩሰል» ነው፣ ቢሊ ቢጌሎ ሚስቱ ማርገዟን ሰምቶ ብቻውን የሚዘፍነው። ሰውየው ጥሩ ሰው አይደለም፤ ሚስቱን የመታ ነው፤ አልከላከልለትም። ነገር ግን ያን ሰዓት የሚሆነውን እኔም ሆኛለሁ። ለረጅም ጊዜ ስለ ወንድ ልጁ ይፎክራል፤ እንዲህ ይሆናል፣ እንዲያ ይሠራል፣ ማን ይነካዋል። ከዚያ በድንገት ይቆማል፤ ሴት ብትሆንስ? ዜማው ሁሉ ይለወጣል፤ ፉከራው ያልቅና ፍርሃት ይገባል። እኔም አንቺ ከመወለድሽ በፊት አምስት የወንድ ስም በወረቀት ጽፌ ኪሴ ውስጥ አድርጌ ነበር። አንድም የሴት ስም አልነበረበትም። እናትሽ እስከ ዛሬ ያንን ወረቀት ደብቃ አስቀምጣዋለች፤ ስትቆጣኝ ታወጣዋለች።

ችግሩ ዘፈኑ ከሰባት ደቂቃ በላይ ነው፤ መጨረሻውም ወደ ላይ እየወጣ የሚሄድ ነው። ትናንት ማታ በሩን ዘግቼ ሞከርኩት። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ወንበር ያዝኩ። ሦስተኛው ላይ እናትሽ በሩን ከፍታ ውሃ አቀበለችኝ። የትንፋሽሽ ነገር ከማን እንደ መጣ እንግዲህ ታወቀ።

ስለዚህ እንዲህ አስቤአለሁ። የወንድ ልጁን ክፍል እኔ እይዛለሁ። ሴቷ ከምትገባበት ጀምሮ አንቺ ተቀበይኝ። ትንፋሽ ሲያጥረን ተራ በተራ እንይዘዋለን፤ ነርሷም ለአንድ መስመር ትገባለች፣ ቀድሜ ለምኛታለሁ። የሒሳብ ሠራተኛው ወሩ ስላልተገባደደ ደህና ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እንጀምራለን። የዕለቱን ነገር ደግሞ አትርሺ፤ ትንሽም ቢሆን፣ መጥፎም ቢሆን።

ካውያው ተነቅሏል።

አባትሽ