«ኦፕሬተሩ ተሳሳተ» ከማለታችሁ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ኤክስካቫተር (የመሬት መቆፈሪያ ማሽን) ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሰው ሲሞት ዜናው ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ማሽኑ ተንሸራቶ»፣ «ኦፕሬተሩ መቆጣጠር አቅቶት»። በሙያው ለቆየን ሰዎች ይህ ያማል። ማሽኑ የሚቆምበትን ቦታ የሚመርጠው አብዛኛውን ጊዜ ኦፕሬተሩ አይደለማ!

የወንዝ ዳርቻ ከላይ ሲያዩት ደረቅና ጠንካራ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ውሃው ቦርቡሮት ሊሆን ይችላል። ሰው ሙላትን ይፈራል፤ እኔ የምፈራው ሙላቱ የጎደለ ዕለት ነው። ውሃው ከፍ ብሎ ሳለ ዳርቻውን ደግፎ ይይዘዋል። በፍጥነት ሲወርድ ድጋፉ ይቀራል፣ አፈሩ ግን የጠጣውን ውሃ ገና አላወጣም። «ውሃው ቀንሷል፣ ሥራ ጀምሩ» የሚባለውም ልክ በዚያን ሰዓት ነው። 20 ቶን የሚመዝን ማሽን እዚያ ጫፍ ላይ አቁሞ ጭቃ የሞላ ባኬት (የማሽኑን መዛቂያ) ወደ ጎን ማዞር ምን ማለት እንደሆነ ፎርማኑም አይጠፋውም። ማሽኑ የሚሄድበት ሰንሰለት ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን ከቆመ ደግሞ መሬቱ ሲሰነጠቅ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አይቻልም።

ከገባ በኋላስ? አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ በር ላይ ውሃው እስከ አናቱ ሲደርስ፣ ጋቢናው ገና ካልሞላ፣ 500 ኪሎ ያህል ክብደት እንደተደገፈበት ነው። ተገፍቶ አይከፈትም። በብዙ ኤክስካቫተሮች የአደጋ ጊዜ መውጫው የኋላው መስታወት ነው፤ መስበሪያ መዶሻው ግን ስንቱ ጋቢና ውስጥ ይገኛል? (ለመዝለል እንዲመች ቀበቶ ሳያስሩ መሥራትም መፍትሔ አይደለም፤ ማሽን ሲገለበጥ የሚደፈጥጠው የዘለለውን ነው።)

የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ስለ ኮንስትራክሽን ደኅንነትና ጤና የሚደነግገው ስምምነት ቁጥር 167፣ በአንቀጽ 23 በውሃ ላይ ወይም በውሃ አጠገብ ሲሠራ ሠራተኛው እንዳይወድቅ መከላከያ፣ የመስጠም አደጋ ለገጠመውም ማዳኛ እንዲዘጋጅ ያዛል። ማዳኛ ስል ጀልባ፣ ገመድ የታሰረበት ተንሳፋፊ ቀለበትና እነሱን መጠቀም የሚያውቅ ሰው፣ ሥራው ሳይጀመር እዚያው ቆመው ማለቴ ነው። ስልክ ተደውሎ የሚመጣ እርዳታ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሬሳ ለማውጣት ነው።

ዘጋቢዎቻችሁ ቀጣዩን አደጋ ሲዘግቡ እባካችሁ ይጠይቁልን፦ መሬቱን ማን መረመረው? ማሽኑ ከጫፉ ምን ያህል ርቆ እንዲቆም ታዞ ነበር? ጀልባስ ነበር? የኦፕሬተሩን ጥፋት ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።

አንድ የማሽን ኦፕሬተር